የዳማ ላብ

ባለፈረሱ ይሄነው ጠዋት ጋጣው ሲገባ፣ ሣር ከመጣሉም ውኃ ከማቅረቡም በፊት የሚያደርጋት ነገር አለች። ቀኝ መዳፉን በፈረሱ በዳማ ጀርባ ላይ፣ ኮርቻው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ያሳርፍና ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል። አርፋ ያደረች ፈረስ ሣር ሣር ትሸታለች፤ ስትሠራ ያደረች ጨው ጨው ትላለች። አፍንጫው ካልፈቀደ ማንም እንግዳ ዳማ ላይ አይወጣም።

ፈረሷ የሱ ናት፤ ጋጣው የሆቴሉ። ሆቴሉ ያለው እንጅባራ ጫፍ ላይ ነው። እንግዶች እዚያ ያርፉና አንድ ቀን ዘንገና ሐይቅን፣ አንድ ቀን ጥርባ ሐይቅን፣ እግራቸው የጠና ደግሞ ተራሮቹን ሲዞሩ ውለው ማታ ይመለሳሉ። ብዙዎቹ በባጃጅ ይሄዳሉ። ፈረስ የሚሹትን የሚወስደው ይሄነው ነው።

አንድ የኅዳር ጠዋት መዳፉ ርጥብ ሆኖ ተመለሰ። ውጭ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋድሟል፤ የዳማ ጀርባ ግን በላብ ርሷል። ደግሞ አሸተተ። ጨው።

ጎንበስ ብሎ ሰኮናዋን አየ። ጭቃ የለበትም። “አጥቦት ነው” አለ በልቡ።

“አጥቦት” ሲል ማንን እንደሆነ ለራሱም አልተናገረም። ግን ግቢውን የሚጠብቀው ወገኔ ነው። ወገኔ ደግሞ ተራ ዘበኛ አይደለም፤ የይሄነውን የመጨረሻ ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጁ ነው። ሆቴሉ ሲቀጥረውም ዋስ የሆነው ይሄነው ነበር።

በማግስቱም መዳፉ ረጠበ። ከዚያ በኋላ ይሄነው ሰው ማየት ትቶ ሱሪ ማየት ጀመረ። ወገኔ በሩን ሲከፍት ጭኑ ላይ የፈረስ ጠጉር ይፈልጋል። ሲያዛጋ ካየው “ለምን እንቅልፍ አጣ?” ይላል። የወገኔ ሚስት መታመሟ ትዝ አለው፤ ቤቱ በግምጃ ቤት ከተማ መንገድ በእግር ሩቅ መሆኑም ትዝ አለው። ድሮ ያሳዝነው የነበረው ነገር ሁሉ አሁን ማስረጃ ሆነበት።

በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ያዘው።

“ወገኔ” አለው በአማርኛ። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩት በአገውኛ ነበር።

“ምነው አበልጅ፣ ፍርድ ቤት ነን እንዴ ዛሬ?” ብሎ ወገኔ ሳቀ።

“ለምን ጋለብሃት?”

“ማንን?”

“ዳማን ነዋ። ሚስትህ ታማለች፣ ቤትህ ሩቅ ነው፤ ይገባኛል። ብትነግረኝ ምን ነበረበት?”

ወገኔ ሳቁን ሰበሰበ። “ልጅህን ያነሳሁበት እጅ ነው ይኼ” አለ፣ እሱም በአማርኛ።

“ላቧስ? ላብ ከሰማይ ይወርዳል?”

“አፍንጫህን ጠይቀው። ከኔ እሱን ታምን የለ!”

ሥራ አስኪያጁ ኪዳኑ ጩኸቱን ሰምቶ ብቅ አለ። ነገሩን አዳመጠና “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” አለ። ከዚያ ወደ ይሄነው ዞሮ፣ “ጋሼ፣ ዋሱ እርስዎ ነዎት። አሁንም ዋስ ነኝ ይላሉ?” ሲል ጠየቀው።

ይሄነው አንገቱን ደፋ። ወገኔ መልሱን ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዱላውን ይዞ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት መዳፉ እንደገና ርጥብ ነበር። አዲሱ ዘበኛ ፈረስ ሲያይ ግድግዳ የሚታከክ ከተሜ ነው፤ እሱ ሊጋልባት አይችልም። “በአጥር ዘሎ ገብቶ ነው” አለ የይሄነው ልብ። ይህን ሲያስብ ግን ራሱን ታዘበ። የታመመች ሚስቱ አጠገብ ያለ ሰው ለምን ብሎ አጥር ይዘላል?

ረፋድ ላይ እንቁ፣ የሆቴሉን አልጋ የምታነጥፈው ሴት፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዛ ወደ ግቢው ወጣችና ታራግፍ ጀመር።

“ጋሼ ይሄነው፣ ኧረ ይሄን እዩልኝ! ይቺ የአዲስ አበባዋ ልጅ በግ አቅፋ ነው እንዴ የምትተኛው?”

ብርድ ልብሱ በዳማ ጠጉር ተሸፍኗል። ይሄነው ተቀብሏት አሸተተ። ጨው።

የአዲስ አበባዋ ልጅ ሀይማኖት ትባላለች፤ ሐይቆቹን ልታይ መጥታ ሳምንቱን እዚያው ያረፈች እንግዳ ናት። ከሰዓት ጫማዋ ጭቃ ለብሶ ስትመለስ ይሄነው በር ላይ ጠበቃት።

“አባባ፣ እንዳይቆጡኝ” አለች ብርድ ልብሱን እጁ ላይ ስታይ። “መስኮቴ ከጋጣው ትይዩ ነው። የመጣሁ ዕለት ቆዳዋ ሲንቀጠቀጥ አየኋት። እኔ በሁለት ብርድ ልብስ እየተንዘፈዘፍኩ እሷ ራቁቷን! ስለዚህ እርስዎ ሲሄዱ አንዱን አለብሳታለሁ፤ ጠዋት እርስዎ ሳይመጡ ወደ ሐይቅ ስወጣ አነሳዋለሁ፣ ሆቴሉ እንዳያስከፍለኝ።”

“ልጄ፣ ዝንብ ስታባርር ነው ያየሻት። ፈረስ እንደዚያ ነው የሚያባርር።” ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ አልመጣለትም። “ዘበኛው አላየሽም?”

“ወገኔ? ጋጣውን የከፈተልኝ እሱ ነው። ‘ይሄነው ፈቅዷል?’ ሲለኝ፣ አዎ ብዬ ዋሸሁት።”

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሄነው ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ በግምጃ ቤት መንገድ ወረደ። የወገኔ አጥር ጋ ሲደርስ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና አጎንብሶ ቆመ። ወገኔ ወጥቶ አየው።

“አውርደው” አለ በአማርኛ። “አንገትህ ቢሰበር ደግሞ ወገኔ ነው የሰበረኝ ትላለህ።”

“ያን ዕለት ስለ ብርድ ልብሱ ምነው ሳትነግረኝ ቀረህ?”

“ምን ብለህ ጠየቅኸኝ? መጀመሪያ ላቡ ከየት መጣ ብትለኝ እነግርህ ነበር። አንተ የጀመርኸው ለምን ጋለብሃት ብለህ ነው።”

ሽማግሌዎቹ “ይቅር ለእግዚአብሔር” አሉ። ወገኔ ድንጋዩን በገዛ እጁ ተቀብሎ መሬት አስቀመጠው፤ ከዚያ በአገውኛ “ግባ” አለው።

ወገኔ ዛሬ በሆቴሉ በር ላይ ነው፤ ዋሱም ያው ሰው ነው። ይሄነው ይህን ታሪክ ለጠየቀው ሁሉ በራሱ ላይ እየሳቀ ያወራል፤ ለኔ ለጸሐፊዋም ጻፊው ብሎኛል። “እሷን ብቻ ተዪልኝ፣ ልጄ” ያለኝ አንዲት ነገርን ነው፦ ድንጋዩ ወርዶ ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ፣ ይሄነው አፍንጫውን በአበልጁ ጋቢ ውስጥ ቀብሮ ማሽተቱን።