ከጣሪያው ያመለጠው መዶሻ

ትናንት እዚህ ሰው አገር፣ ሞርተንሩድ በሚባለው ሰፈር፣ ቤታችን ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን እናያለን። ሁለት ጠፈርተኞች ከጠፈር ጣቢያው ውጭ በገመድ ታስረው አንድ የተበላሸ ነገር ይጠግናሉ፤ ልጄ የሚሉትን ትተረጉምልኛለች። ድንገት የአንዷ የመሣሪያ ቦርሳ ተፈትቶ ቀስ እያለ ከእሷ ራቀ። እኔ ደረቴን ያዝኩ። ከመሬት ሆኖ የሚያናግራት ሰው ግን ድምፁ እንኳን አልተለወጠም።

አባቴ በላቸው ጣሪያ ሠሪ ነበር። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያ ሲጠግን ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። ወገቡን በገመድ አስሮ ላይ ጫፍ ላይ ነበር። መዶሻው ከእጁ አመለጠና ቆርቆሮውን እያንኳኳ ወርዶ እግሬ ሥር ወደቀ። ልጮህ ስል አብሮት የሚሠራው ጋሽ በቀለ ዝገት ዝገት በሚሸት መዳፉ አፌን ያዘኝ።

«ከጮኽሽ ደንግጦ ወደ አንቺ ያያል» አለኝ በሹክሹክታ።

አባቴ ቢያየኝ ምን ክፋት እንዳለው አልገባኝም።

ጋሽ በቀለ ቀና ብሎ «በላቸው፣ መዶሻህ ደህና ነው። ምሳህን ግን ልጀምርልህ ነው» አለ።

አባቴ ሳቀ። በእግሩ መቆሚያውን እየፈለገ ቀስ ብሎ ወረደ። መሬት ሲረግጥ ጋሽ በቀለ አንገቱን አቅፎ ያዘውና ከዚያ በኋላ ነው የስድቡን መዓት ያወረደበት።

ልጄ ከስክሪኑ ዞር ብላ «ማማ፣ ሰውዬው አይቆጣትም እንዴ?» አለችኝ።

«መጀመሪያ ትግባ» አልኳት።