ከጆንያ ሥር የደበቅኩት ከስክስ

በደርግ ጊዜ መርካቶ ሰልባጅ ጫማ እነግድ ነበር። ያኔ የወታደር ከስክስ ጫማ ሲሸጥ የተገኘ ሰው ይታሰራል። እኔ ግን አንድ ጥንድ ከጆንያ ሥር ደብቄያለሁ። ታዲያ አንድ ጠዋት ኮት የለበሰ ደልዳላ ሰው መጣ።

«እትዬ፣ ባሌ ተራራ ለአደን ልወጣ ነው። እግሬን የማይበርደኝ ጫማ ይፈልጉልኝ።»

ተራውን የቆዳ ቦቲ ሰጠሁት። በስስ የናይለን ካልሲው ለካና «ልክክ አለ!» ብሎ ፈነጠዘ። ዝም ብዬ ብሸጥለት ምን ነበረበት? እኔ ግን በሙያዬ ሲቀለድ አልችልም!

«ምኑ ነው ልክክ ያለው? እግር የሚበርደው ጫማ ሲጠብ ነው! በሉ ያንን ስስ ካልሲዎን ያውልቁ!» ብዬ ጮህኩበት።

የመንዝ የበግ ጠጉር ካልሲ ሰጥቼው ቢያጠልቅ፣ ቦቲው አልገባ አለው። ሰፋ ያለ ጫማ ያለኝ ያው የተደበቀው ብቻ ነው። ከጆንያው ሥር ጎትቼ አወጣሁት።

አጠለቀው። ጣቶቹን ውስጡ አንቀሳቀሰ፣ ተነሥቶ መሬቱን ረገጠ፣ ፈገግ አለ። ከዚያ አወለቀና ውስጡ ያለውን ማህተም ትክ ብሎ አየ።

«እትዬ፣ ይሄ የጦር ሠራዊት ንብረት መሆኑን ያውቃሉ? እኔ ሻምበል ነኝ።»

አለቀልኝ፣ ታሰርኩ ብዬ ጆንያዬን መጠቅለል ጀመርኩ። እሱ ግን ግራ ቀኙን ቃኘና ቦርሳውን ከፈተ። ያው ማህተም ያለበት አዲስ ከስክስ አወጣ።

«መጋዘናችን የሰጠኝ ይሄንን ነው፣ ጠቦ እግሬን ሊቆርጠው ነው! እባክዎ በዚያኛው ይለውጡልኝ።»