ከአስፈሪው ፊልም በኋላ ያለው ዱዓ

ዐዚዛ አራዳ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች፣ ሱቋን በቢስሚላህ ከፍታ በአልሐምዱሊላህ የምትዘጋ ሴት ናት። በ2004 ዓ.ም. ግን፣ ልጇ ፈህሚያ ኒካህ በምታስርበት ሳምንት፣ አንድ አሮጌ ካሴት ካላየሁ አለች። ለራሷ ለዐዚዛ ኒካህ ሟቹ አባቷ ያደረጉላት ዱዓ በቪዲዮ ካሴት ተቀርጾ ነበር። አያቷን አይታ የማታውቀው ፈህሚያ እንድታየው ፈለገች።

ጣጣው ካሴቱ ነው። ታናሽ ወንድሟ ጃቢር ያኔ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ ባዶ ካሴት ሲያጣ ሰርጉ በተቀረጸበት ላይ አስፈሪ ፊልም ገለበጠ። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ከፊልሙ ወዲያ ምን እንደተረፈ ግን የሚያውቅ የለም። ማጫወቻውን የጠገነው ሰው ደግሞ፣ «የካሴቱ ክር አርጅቷል፤ ወደፊት ካሮጣችሁት ይበጠሳል። ከመጀመሪያው ተቀምጣችሁ እዩት» አለ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ዐዚዛ፣ ፈህሚያና ጃቢር ተቀመጡ። ለቴሌቪዥን የተሠራ የፈረንጅ ፊልም ነው፤ አንዲት ሴት በገዛችው ቤት ግድግዳ ውስጥ የሞተ ሰው ያንኳኳል። ያኔ በቪዲዮ ቤቱ፣ ጃቢር እንግሊዝኛ ሳያውቅ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ለተመልካቹ በአማርኛ ይተርከው ነበር።

ፈህሚያ ሳቀች። «አጎቴ፣ ሰው የፈራው ይሄን ነው? ዱቄት የተነሰነሰበት ሰውዬ እኮ ነው!»

«ተይ እንጂ! አንድ ከአይከል ለገበያ የመጣ ነጋዴ ጫማውን ጥሎ ነው የሮጠው። ይኸው ምስሉ ጨለመ፤ እዚህ ጋ ማስታወቂያ ነበረ፣ ተቆርጧል። ለተመልካቹ ሻይ የምሸጠው እዚህ ጋ ነበር።»

ዐዚዛ አልሳቀችም። መብራት እንዳይሄድ አምፖሉን ታያለች፤ ትነሣለች፤ ትቀመጣለች፤ መቁጠሪያዋን ታሻሻለች።

«ምነው ይቺ ሴትዮ ቤቱን ለቅቃ አትሄድም? እኛንም አስቀመጠችን!» አለች።

በመጨረሻ ፊልሙ አለቀ። ቴሌቪዥኑ ነጭ በነጭ ሆኖ ተንጫጫ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን ዘርግተው ብቅ አሉ።

«አባዬ!» አለች ዐዚዛ።

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ዐዚዛ የድምፁን ቁልፍ ብታዞር፣ ብታዞር፣ ምንም።

ጃቢር ተነሥቶ እንደ ድሮው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመ።

«ከራስህ እንዳትጨምር!» አለችው።

«በዚህስ አልቀልድም፣ እትዬ። ያን ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አላህ ያፋቅራችሁ። ቤታችሁን እንግዳ የማይታጣበት ያድርገው። የልጆቻችሁን ኒካህ ለማየት ያብቃችሁ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በመዳፋቸው ዳበሱ። ፈህሚያም አብራቸው ፊቷን ዳበሰች።

«አሚን» አለች።

ዐዚዛ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተደላድላ ተቀመጠች።