ነፋሱ ከየትኛው ጫፍ መጣ

የልጄ ሥራ የባሕርን ሙቀት ከሰማይ መለካት ነው። እኔ ደግሞ መንዝ ተወልጄ መንዝ ያረጀሁ፣ ባሕር የሚባለውን ያየሁት በማስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ብቻ የሆነ ሰው ነኝ። እሱንም ተማሪዎቹ በእርሳስ ወግተው ወግተው ቀዳደውታል። እንዲያም ሆኖ ባለፈው ጥር እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ባሕር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጡረታ ወዲህ ገበሬ ነኝ እላለሁ፤ ጎረቤቶቼ ግን ገና አላመኑም። አምና የበልግ ገብስ ዘርቼ ዝናቡ ቀረና ዘሩን አፈር በላው። ዘንድሮ የቀረኝ አንድ ጆንያ ዘር ነው፤ እሱም ከጠፋ የምዘራው የለኝም። በሬዬም አንድ ስለሆነ የማርሰው ከአበልጄ በሬ ጋር አቀናጅቼ ነው። የታላቁን ልጄን ክርስትና ያነሣ ጎረቤቴ ነው፤ እሱም ቁርጡን ነገረኝ።

«በዚህ ሳምንት ካልጠመድን በሬዬን ለወንድሜ እሰጣለሁ።»

«ቆየኝ፣ ልጄን ልጠይቅ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ባሕሩ።»

አበልጄ ዞር ብሎ ወደ ሞላሌ የሚወስደውን መንገድ አየ፤ ባሕሩ በዚያ በኩል የሚመጣ ይመስል።

በእኛ ሰፈር ስልክ የሚሠራው ከፍ ያለው ማሳዬ ላይ ሲቆሙ ነው። እዚያ ወጥቼ አዲስ አበባ ለምትሠራው ልጄ ደወልኩ። የበልጉን ዝናብ የሚተነብዩት ሰዎች አስቀድመው የሚያዩት የሕንድ ውቅያኖስን ሙቀት እንደሆነ ነግራኝ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞቅ ሲል ዝናቡ ደህና ነው፣ ሲቀዘቅዝ ያሠጋል። ያን ሙቀት ከሳተላይት የሚያነቡት እሷና ባልደረቦቿ ናቸው። እኔ ግንባር ዳስሶ ትኩሳት እንደማየት መስሎኝ ነበር።

«ሞቋል ወይስ አልሞቀም?» አልኳት።

«አባዬ፣ እሱን ለማለት መጀመሪያ የባሕሩን ነፋስ ማወቅ አለብኝ። ነፋስ ውኃውን ሲያሻክረው ሳተላይቱ ሙቀቱን አሳስቶ ያነባል። ስሕተቱም ነፋሱ ወደ ሳተላይቱ ሲነፍስና ከጎን ሲነፍስ አንድ አይደለም።»

ነፋስ ማለት የሚንቀሳቀስ አየር ነው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ነገሩን የዘጋሁት መስሎኝ ነበር። እንዳልገባኝ ገባት።

«የታረሰ ማሳ ያስቡ። በትልሙ ርዝመት ሲያዩትና ትልሙን አቋርጠው ሲያዩት መልኩ አንድ ነው?»

«አይደለም።»

«ባሕሩንም ነፋስ ሲያርሰው እንዲሁ ነው። ትልሙ እንዴት እንደተዘረጋ አግኝቻለሁ። የቸገረኝ በሬው ከየትኛው ጫፍ እንደተነሣ ነው።»

«እሱማ ቀላል ነው» አልኳት። አፌን እርጅናም አላረመው።

ስልኩን ዘግቼ ያንኑ ላረጋግጥ የአምናው ትልሜ ላይ ቁጢጥ አልኩ። ከወዲህ ጫፍ አየሁ፣ ከወዲያ ጫፍ አየሁ፤ በመጨረሻ ጉንጬን መሬት ላይ አስጠግቼ አየሁ። ምንም አልታወቀኝም። በዚህ መሐል አበልጄ መጣ።

«ምን ጣልክ?»

«ምንም። በሬው በየት በኩል እንደሄደ እያየሁ ነው።»

«በሬህ እዚያ ቆሟል።»

«የዛሬውን ሳይሆን የአምናውን።»

አጠገቤ ተቀመጠ። «አበልጄ፣ ጡረታው አልተስማማህም» አለኝ።

ከዚያ በየቀኑ ደወልኩ። ኮምፒውተሩ ገና እያሰላ ነው አለችኝ። በማግስቱ መብራት ጠፋባቸው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሁለት መልስ ሰጠ፤ አንዱ ነፋሱን ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ የሚያመጣ፤ ሁለቱም እኩል የሚያሳምኑ።

«በሁለቱ መሐል ያለው የሙቀት ልዩነት ምን ያህል ነው?»

«ትንሽ ነው፤ ከአንድ ዲግሪ በታች።»

«ለእሷ ነው ይሄ ሁሉ?»

«አባዬ፣ የዝናቡ ግምት በእሷም ይቀየራል።»

ስልኩን ወደ ገደሉ ልወረውረው ቃጣኝ። ወርጄ የማነሣው ራሴ መሆኔ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

በሳምንቱ መጨረሻ አበልጄ ቀንበሩን ተሸክሞ፣ በሬውን እየነዳ መጣ። ጆንያዬን አወጣሁ። እኔ ዘሩን ስበትን እሱ እያረሰ አፈር ያለብሰዋል። ከፍ ያለው ማሳ ሲጋመስ ኪሴ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ አገኘሁት! ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ነው። ሙቀቱን አረምነው።»

«እና?»

«ባሕሩ ካሰብነው ቀዝቀዝ ያለ ነው።»

በአንድ እጄ ዘር ጨብጫለሁ። «ዝናቡስ?»

«እሱን የሚናገረው ሌላ ክፍል ነው። እኛ ሙቀቱን ነው የምንልክላቸው። መልስ ሲሰጡ እደውላለሁ።»

«ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። ከልቤ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ ይሁን እንጂ።

አበልጄ በሬዎቹን አቁሞ ይጠብቃል። «ምን አለች?»

«ነፋሱን አገኘችው። ከሰሜን ምሥራቅ ነው።»

ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ ያዘ። «እዚህ የለም። ልፍታቸው ወይስ ልቀጥል?»

ጭብጤን ወደ ጆንያው ልመልሰው ብዬ ነበር። ግማሹ ማሳ ተዘርቷል፤ ነገ በሬው የወንድሙ ነው፤ የዝናቡ ክፍል ደግሞ መቼ እንደሚናገር የሚያውቅ የለም።

«ባሕሩ ቀዝቅዟል አለችኝ» አልኩት። «ቀጥል።»

«ከቀዘቀዘማ» አለ እርፉን እየጨበጠ፣ «ሳሳ አድርገህ በትን።»