ሙሽራዋ የያዘችው አረም

ባለፈው ሳምንት የእህቴ የታደለች ልጅ ማርታ፣ ሚዛን ተፈሪ ከተማ ካለው ቤቴ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ለሠርጓ አበባ እየመረጠች ነው። ጣቷን ሸርተት ባደረገች ቁጥር አንድ አገር ያልፋል፤ የጃፓን ኩሬ ዳር የበቀለ አይሪስ የሚሉት ወይን ጠጅ አበባ፣ የሆላንድ ማሳ፣ ከደቡብ አፍሪካ ተራራ ደግሞ ብርቱካንማ ዘመዳቸው። ቆንጆ ናቸው፣ አልዋሽም። “ዲኮር የሚሠራው ልጅ፣ እውነተኛው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ካልሆነ ፕላስቲኩን አደርግልሻለሁ ብሎኛል” አለችኝ።

ፕላስቲክ! በታደለች ልጅ እጅ! ደሜ ፈላ።

ታደለች ራሷ ስትዳር የምንኖረው ቴፒ አጠገብ ነበር። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች፣ አባባ በሰው ቡና ውስጥ አረም እየመነጠረ ነው እኔንና ታደለችን ያሳደገን። ለቀማ ከመድረሱ በፊት የቡናው ሥር መጽዳት አለበት፤ አለዚያ የረገፈው ፍሬ ሣር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጥቅምት ሲገባ አካባቢው ሁሉ የገጀራ ድምፅና የተቆረጠ ቅጠል ሽታ ነው። በዚያው ሰሞን ክረምት የጠገበው መሬት ላይ፣ ከቡናው ዳር፣ ቀይ አበባ ይወጣል። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የሾለ ነው፤ አበባው በአንድ ዘንግ ላይ ከታች ወደ ላይ ተራ በተራ ይፈነዳል። የአይሪስ ዘመድ መሆኑን ማን ነግሮን! ለአባባ አረም ነበር። ታደለች ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ትወደው ነበር።

ታደለች የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ልታገባ ሆነ። የሙሽራው አክስት እትዬ የሺ ከጅማ የፕላስቲክ እቅፍ አበባ አስመጥተው ላኩላት። መለሰችው። “እኔ የሰፈሬን ቀይ አበባ ነው የምይዘው” አለች። እትዬ የሺ ቤታችን ድረስ መጡ።

“አባትሽ ሲመነጥረው የሚውለውን አረም ይዘሽ ልትወጪ? ሰው ምን ይለናል?”

“የፈለገውን ይበል” አለች እህቴ።

“እንግዲያው እኔ ዳሱን ጥዬ እሄዳለሁ!”

“መንገዱን ያውቁታል፣ እትዬ” አልኩ እኔ። አፌ ያኔም አያርፍም ነበር።

ነገሩ የአበባ ብቻ መሰላችሁ? ሴትዮዋ የፈለጉት ታደለች የማን ልጅ እንደሆነች እንድትረሳላቸው ነበር። በሠርጓ ቀን እሺ ካለች ዕድሜ ልኳን እሺ ስትል ልትኖር ነው።

በሠርጉ ዋዜማ ከገበያ ስንመለስ በራችን ላይ ደርቀን ቀረን። ከመንገዱ እስከ ደጃችን አንድ ቅጠል ቆሞ አይታይም። አባባ ገጀራውን ይዞ ላቡን ይጠርጋል፤ ፊቱ በርቷል። በእኛ ሰፈር ለእንግዳ ደጅ መመንጠር ክብር ነው፤ አማች ደግሞ የእንግዳ እንግዳ ነው። የቡናው ዳር ቀድሞ ስለተመነጠረ ለሠርጉ የጠበቅነው የደጃችን ቀይ አበባም አብሮ ታጭዷል። ዕድሜውን ሙሉ የለመደ እጅ፣ ምን ያድርግ!

ታደለች መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አባባ ነገሩ ሲገባው ገጀራውን ጣለ። እኔ ግን ተናደድኩ። “ተነሺ! ገና ያልፈነዳ አለ” ብዬ ከወደቀው መሃል እንቡጥ ያለውን እየለየሁ መልቀም ጀመርኩ። አባባም ተንበርክኮ አገዘኝ። ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርናቸው። ጠዋት ስንነሳ ከየዘንጉ ሥር ሁለት ሦስቱ ፈንድተዋል፤ ቅላታቸው ዓይን ይወጋል። አባባ ራሱ በእንሰት ቃጫ አሰራቸው።

ታደለች ይዛቸው ወደ ዳሱ ወጣች። እትዬ የሺ ብድግ አሉ። “አረም! በሠርግ ቀን አረም!”

ሀብታም ባየ ቁጥር ባርኔጣውን የሚያወልቀው አባቴ፣ የዚያን ቀን ባርኔጣውን እንዳደረገ መሃል ገባ።

“አዎ እሜቴ፣ አረም ነው” አለ። “እነዚህን ልጆች ያሳደግኩት በእሱ ነው። ልጄን ከወደዳችኋት ከነአረሟ ውሰዷት።”

ቀድሞ ያጨበጨበው ሙሽራው ነበር። እትዬ የሺም የትም አልሄዱም፤ ጥብሱ ሲመጣ ቁጭ አሉ።

አባባ አሁን የለም። ይህን ስነግራት ማርታ ስልኳን አጠፋችና “ታዲያ ዛሬም ይገኛል?” አለችኝ። ለምን አይገኝም? ጃፓን በጃፓኑ ይኩራ፣ ሆላንድም በሆላንዱ፤ እኛን በራሳችን እንዳንኮራ ማን ከለከለን? እዚያው እፊቷ ቡናዬን ለሚመነጥርልኝ ሰው ደወልኩ። ከደጄና ከቡናው ዳር ያለውን ቀይ አበባ እንዳትነካ፣ የሠርግ ነው አልኩት።

“እንዴ እትዬ! እንግዳ እየመጣ ደጁ ሳይመነጠር?” አለኝ፣ ቁርጥ አባባን።

“አዎ፣ ሳይመነጠር!” አልኩት። “ያፈረብን እንግዳ በመጣበት ይመለስ።”