ሰደፉ ይምጣልህ

አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኤርፖርት ሥራቸው ሲወጡ ሮውሌት ከተማ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ይዘውኝ ይሄዱና ወደ ሰማይ የሚወረወር ሸክላ በሾትገን ጠመንጃ ያስተኩሱኝ ነበር። እኔ ጉንጬን ከሰደፉ ለማድረስ አንገቴን እደፋለሁ። እሳቸው አገጬን በሁለት ጣት ቀና ያደርጉና "አንገት የሚደፋው ለሽማግሌ ነው እንጂ ለእንጨት አይደለም፤ ሰደፉ ይምጣልህ" ይሉኛል። ሸክላውን ብመታው እንኳ ቁጣቸው አይበርድም።

ከማረፋቸው በፊት ጠመንጃውን ለእኔ ተናዘዙ። ሰደፉ ግን ለእሳቸው ሙሉ ጉንጭ የተሠራ ነው፤ ለእኔ ለቀጭኑ ዝቅ ይላል። አርባቸውን ካወጣን በኋላ ኧርቪንግ ከተማ አንድ የጠመንጃ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው የጉንጩን ማረፊያ በመጋዝ ቆርጦ፣ በብረት ከፍ አድርጎ መልሶ እንደሚገጥመው ነገረን። እንጨቱ ስላረጀ ሊሰነጠቅ እንደሚችልም አስጠነቀቀን።

አብራኝ የመጣችው ልጃቸው እጄን ያዘች።

"ፕሊስ፣ አታስቆርጠው። የአባዬ ጉንጭ የነበረበት እኮ ነው። እንዳለ ኪፕ አድርገው።"

እውነቷን ነው፤ ጉንጫቸው ያረፈበት ቦታ በወዝ ጠቁሮ ይታያል።

"እንዳለ ካስቀመጥኩት ዕድሜ ልኬን አንገቴን ልደፋለት ነው" አልኳት። "እሳቸው ደግሞ ይህን አይወዱም።"

እጄን ለቀቀች፤ ፊቷን ግን አዞረች። መጋዙ እንጨቱን ቆርጦ ወጣ፤ አልተሰነጠቀም።

ባለሙያው መልሶ ገጥሞ ሲሰጠኝ ዓይኔን ጨፍኜ ጠመንጃውን አነሳሁ። ያ የጠቆረው እንጨት መጥቶ ጉንጬ ላይ አረፈ። አንገቴ ቀጥ አለ፤ የምደፋላቸው ሽማግሌ ግን የሉም።