ያልነቀዘው አደንጓሬ

ታላቱ በዛሪያ ከተማ ዳር ቤት ነበራት፤ ግን እዚያ የምታድረው ብቻ ነው። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቀኗን የበላው የዘር ምርምር ጣቢያው የነቀዝ ክፍል ነበር። ነቀዝ ሙቀት ስለሚወድ ክፍሉ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ነቀዝ እንዳያመልጥ መስኮት የለውም፣ በሩም ሁልጊዜ ዝግ ነው። ስትወጣ በሁለቱ በሮች መካከል ቆማ ሻሿንና ሽርጧን ታራግፋለች። ለነቀዙ ይህን ያህል የሚጠነቀቁ ሰዎች እሷ መቼ እንደምትወጣ ጠይቀው አያውቁም።

ሥራዋ መቁጠር ነው። በየብልቃጡ ሃምሳ ፍሬ አደንጓሬ፣ ጥቂት ነቀዝ። ነቀዟ ፍሬው ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ትሉ ሰርስሮ ይገባና ከወር በኋላ ክንፍ አውጥቶ፣ ክብ ቀዳዳ በስቶ ይወጣል። ታላቱ ቀዳዳውን ትቆጥራለች። የሚፈለገው የማይበሳ ዘር ነበር። ትሉን ውስጡ የሚገድል አንድ ደቃቅ ቡናማ አደንጓሬ ገጠር ተገኝቶ፣ ገበያ ከሚወደው ትልቁ ነጭ ጋር ተዳቅሏል። ይህ ጸባይ ግን ድብቅ ነው፤ ሁለት ዓይነት ውርስ ይፈልጋል፣ ሁለቱም ከአባትም ከእናትም ካልመጡ አይታይም። ከአስራ ስድስት የልጅ ልጅ አንዱ ቢይዘው ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ደቃቅ ሆኖ ይወጣና ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

«የማይነቅዘው ነጭ ተገኝቶ ገበያ የወደደው ዕለት፣ ሜዳው ላይ እመድብሻለሁ» ብለዋት ነበር አለቃዋ ዶክተር ሳኑሲ። «ፀሐይ ትሞቂያለሽ።»

በነቀዙ አቧራ ደረቷ ተበላሽቶ እየሳለች ያቺን ፀሐይ ጠበቀች። አንድ ረፋድ ሃምሳ ፍሬ ብትገላብጥ፣ ትልልቅ ነጫጭ፣ አንድም ቀዳዳ የለም። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ብልቃጡን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ዘሩ ተባዝቶ፣ ታጭዶ፣ ስምንት ወር ከከረመ በኋላ አንድ ጆንያ ተሸክማ ገበያ፣ ሁልጊዜ አደንጓሬ ወደሚሸጡላት ወደ ሐጂያ ኩሉ ሄደች።

ሐጂያ ኩሉ አንድ እፍኝ ዘገኑ። «የመቼ ነው?»

«የአምና ነው፣ ሐጂያ።»

«የአምና! ቀዳዳ የለው፣ ዱቄት የለው!» እፍኙን መልሰው እጃቸውን ጠረጉ። «ምን መድኃኒት ነፋችሁበት?»

«ምንም! ዘሩ ራሱ ነው ነቀዙን የሚገድለው።»

«ነቀዝ የገደለ እኛን ሊምረን ነው?» አለች ከጎን የአደንጓሬ ጥብሱን፣ ኮሳይ፣ የምትጠብሰው ሴት፤ ገበያተኛው ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ። መርዝ የተነፋበት አደንጓሬ በልቶ ያለቀውን ቤተሰብ በዚያ ሰፈር የማያውቅ አልነበረም።

ታላቱ ተናደደች። ጥሬውን አፏ ውስጥ ጨምራ ቆረጣጠመችው። «ይኸው በላሁት!»

«ነገ በእግርሽ ከመጣሽ እናወራለን» አለች ጠባሿ።

በማግስቱ በእግሯ መጣች። «ይኸው አልሞትኩም! አሁንስ?»

ሐጂያ ኩሉ አዘኑላት። አጠገባቸው አስቀመጧት። «የኔ ልጅ፣ ባለፈው ሳምንት ከኔ ስትገዢ ሁለት ጆንያ ከፍቼልሽ ነበር፤ አንዱ ንጹሕ፣ አንዱ የነቀዘ። ምን አልሽኝ?»

 ታላቱ ያለችው ትዝ አላት። «ለልጆቼ ነው፣ ሐጂያ፣ ነቀዝ በልቶ ያልሞተበትን ይስፈሩልኝ» ነበር ያለችው። አስራ ሰባት ዓመት ቀዳዳ የሌለው ፍሬ ስትፈልግ የኖረች ሴት፣ ገበያ ስትወጣ እጇ ቀዳዳ ያለውን ሲፈልግ አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም። አፈረች፤ ከማፈሯም ይልቅ ስለ ሜዳው ፈራች።

ዶክተር ሳኑሲ ነገሩን ሰምተው አገጫቸውን አሻሹ።

«እንግዲያው ትንሽ የሚበሳ ነው የሚያስፈልገን። ከሃምሳው አምስት፣ ስድስት፤ ሰው እንዲያምነው። ካንቺ በቀር ይህን ማን ያገኘዋል?»

«ሜዳውስ፣ ዶክተር?»

«እሱማ ሲገኝ ነዋ።»

ልትጮህ ፈለገች፤ የወጣው ሳል ነበር። የውጪውን በር ከፍታ ገባችና ዘጋችው፤ ከዚያ የውስጡን። ሙቀቱ ተቀበላት። ያ ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ፣ እንዳስቀመጠችው አለ። አንስታ በልምድ ቆጠረችው፤ ሃምሳ ፍሬ፣ አንድም የወጣ የለም።